የሄርዞግ ዝዋይ ካሴት፦ ዋጋ ከማንሳታችሁ በፊት ብሎኑን ፍቱ

ሄርዞግ ዝዋይ የድሮ የሴጋ ቪዲዮ ጌም ነው። መጀመሪያ ስሙን እንጨርስ። ታናሽ ወንድሜ ሽፋኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ «ዝዋይ? ሐይቁ ነው እንዴ?» ብሎኝ ነበር። አይደለም። ጀርመንኛ ነው። «ሄርዞግ» መስፍን ማለት ነው፣ «ዝዋይ» ደግሞ ሁለት። ጀርመኖቹ «ሄርትሶክ ትስቫይ» ነው የሚሉት። እኛ ቤት ግን ዝዋይ ሆኖ ቀረ፤ እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ። ጌሙን የሠሩት ደግሞ ጀርመኖች ሳይሆኑ ጃፓኖች ናቸው።

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ ካሴቱን ካገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ወይም ከሰው ጓዳ አግኝቶ «ስንት ያወጣ ይሆን?» የሚል ነው። ሌላው ሊገዛው ዓይኑን የጣለበት ነው። ለሁለቱም የምለው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋ ከማንሳታችሁ በፊት ብሎኑን ፍቱ። ካሴቱን ከላይ ብቻ አይቶ ዋጋ የሚናገር ሰው እየገመተ ነው። እኔ ገምቼ ተሸውጃለሁ፤ ታሪኩን ቦታው ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ካሴት ስል የጌም ካርትሪጁን ማለቴ ነው። እኛ ሰፈር እንደዚያ ነበር የምንለው። ዓመቶቹን ሁሉ ደግሞ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ደረጃ 1፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ጌሙን የሠራው ቴክኖሶፍት የሚባል የጃፓን ድርጅት ነው። መቀመጫው ናጋሳኪ ውስጥ፣ ሳሴቦ ከተማ ነበር። ሰው ይበልጥ የሚያውቀው ሰንደር ፎርስ በሚባሉት የመንኮራኩር ተኩስ ጌሞቹ ነው። በ1988 «ሄርዞግ» የሚል ጌም ለቤት ኮምፒውተሮች አወጣ። ሁለተኛው፣ ማለትም የእኛው ዝዋይ፣ በዲሴምበር 1989 ሴጋ ለሚባለው ድርጅት የጌም ማሽን፣ ለሜጋ ድራይቭ፣ ጃፓን ውስጥ ወጣ። በ1990 ሴጋ ራሱ ወደ አሜሪካ አስገባው። አሜሪካኖቹ ያንኑ ማሽን ጀነሲስ ነው የሚሉት።

እስቲ አንድ ደቂቃ አብረን እንጫወት። አንድ ሮቦት አላችሁ። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ጄት ይሆናል፣ መልሳችሁ ስትጫኑ መሬት ላይ የሚራመድ ሮቦት። ታንክ ታዝዛላችሁ፤ ገንዘባችሁ ይቀነሳል። ትእዛዙም ራሱ ያስከፍላል፦ «እዚህ ቁም» ሌላ፣ «የጠላትን ዋና ምሽግ አጥቃ» ሌላ ዋጋ አለው። ታንኩ ተሠርቶ ሲያልቅ በጄቱ አንጠልጥላችሁት ትበራላችሁ። መንገድ ላይ የጠላት ፀረ አውሮፕላን ሚሳይል ይጠብቃችኋል። የነዳጅ መለኪያችሁ እየወረደ ነው። ታንኩን ታወርዱታላችሁ፣ ወዲያው ሮቦት ሆናችሁ ትዋጋላችሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጠላት ቁጭ ብሎ ተራውን አይጠብቅም። እሱም በዚያው ሰከንድ የራሱን እያሰማራ ነው።

በየካርታው ሁለት ዋና ምሽጎችና ዘጠኝ ትንንሽ ጣቢያዎች አሉ። ጣቢያ መያዝ የሚችለው እግረኛ ወታደር ብቻ ነው፤ አራት እግረኞች ካልገቡበት የእናንተ አይሆንም። ጣቢያ በበዛ ቁጥር ገንዘብ ይበዛል። ስምንት ዓይነት ሠራዊት አለ። ነዳጅና ጥይት የሚያመላልሰውን መኪና የረሳ ሰው ታንኮቹ መሐል ሜዳ ላይ ደርቀው ሲቆሙ ያያል።

ይሄ ሁሉ ዛሬ የተለመደ ይመስላል። በ1989 ግን እንዲህ ያለ ጌም ቤት ውስጥ ቲቪ ላይ መጫወት አዲስ ነበር። በ1992 ዌስትዉድ ስቱዲዮስ «ዱን 2»ን አወጣ፤ ዛሬ የምናውቀው፣ ተራ የማይጠበቅበት የኮምፒውተር ስትራቴጂ ጌም መልኩን የያዘው በዚያ ነው። የዱን 2 ሠሪዎች ያነሳሷቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ ሄርዞግ ዝዋይን ስሙን ጠርተው አንስተዋል። ሰብሳቢው የሚከፍለው ለዚህ ነው። ሲወጣ ግን እንዲህ አልነበረም። ከአሜሪካ የጌም መጽሔቶች መካከል ዝቅተኛ ነጥብ የሰጠው ነበረ። ክብሩ የመጣው ዘግይቶ ነው።

መጫወት ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት ካሴቱን ተዉት። ሴጋ በ2016 የቴክኖሶፍትን ጌሞች መብት ገዝቷል። በ2020 ደግሞ ሄርዞግ ዝዋይን የድሮ ጌሞቹን ዳግም በሚያወጣበት በሴጋ ኤጅስ ተከታታዩ ኒንቴንዶ ስዊች ለሚባለው የጌም ማሽን አውጥቶታል። የካሴቱን ዋጋ ከሚያህል ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር የቡና ወጪ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ «አይ፣ ዕቃው ራሱ በእጄ ይግባ» ለሚል ነው።

ደረጃ 2፦ የትኛው አገር ነው?

ጃፓኑ፣ አሜሪካኑና አውሮፓው ለየብቻ ነው ዋጋቸው የሚታየው። የጃፓኑ ካሴት ጠርዙ ክብ ያለ ነው፤ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው፣ አሳታሚውም ቴክኖሶፍት ራሱ ነው። ቅርጹ ስለሚለያይ አሜሪካን ጀነሲስ ውስጥ እንዳለ አይገባም። በግድ የሚገፋ ሰው አይቻለሁ፤ ማሽኑንም ካሴቱንም ነው የሚጎዳው።

አሜሪካኑ ጠርዙ ማዕዘን ያለው ነው። ሳጥኑ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ሽፋኑ ጥቁር ሆኖ በካሬ መስመር የተከፋፈለ። በዚያ ዘመን ሴጋ ያወጣቸው የጀነሲስ ጌሞች እንደዚያ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው አሜሪካኑን ሄርዞግ ዝዋይ በወረቀት ካርቶን ካመጣላችሁ «ካርቶኑ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ሳትከፍቱ እዩት

ቀን ብርሃን ላይ ውሰዱት። የስልክ መብራት ያታልላል።

የፊቱ ተለጣፊ ወረቀት ወደ ላይኛው ጠርዝ ታጥፎ ስሙን ያሳያል። እጥፋቱ ላይ ወረቀቱ ከተነሳ ወይም ከተሰነጠቀ በዕድሜ የመጣ ነው፤ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ኦሪጅናልነቱን አያጠፋም። እንዲያውም 35 ዓመት አልፎት ምንም ያልነካው ተለጣፊ ሳይ ነው እኔ የምጠረጥረው። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ሕትመቱን ተመልከቱ። በማተሚያ ቤት የታተመ ምስል በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታዩበታል፤ የፊደሎቹ ጠርዝ ጥርት ያለ ነው። ቤት ውስጥ በፕሪንተር የታተመው ነጠብጣቡ ብትንትን ያለ ነው፣ የፊደሉም ጠርዝ የረጨ ይመስላል።

ከዚያ ገልብጡትና ከታች በኩል ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ እዩ። ወርቃማ መነካኪያ ጥርሶች አሉ፤ በአንድ በኩል 32፣ በሁለቱም 64 ቦታ። የቦርዱ (ቺፑ የተበየደበት የውስጥ ሰሌዳ) አፍ ወደ ጫፉ እየሳሳ እንደ ገጀራ ስለት በትንሹ ተሞርዶ ካያችሁት ጥሩ ምልክት ነው። ርካሽ ፎርጅድ ቦርዶች ላይ ጠርዙ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ነው። ይሄ ማሽኑ ውስጥ ያለውን መቀበያም ይፍቃል።

ደረጃ 4፦ ክፈቱት

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። በተራ ካቻቢቴ አይከፈትም። ብሎኖቹ አናታቸው ከውጭ ባለ ብዙ ጎን ስለሆነ እነሱን የሚያቅፍ ቀዳዳ አፍ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል። ጌምቢት ይባላል፤ ለሴጋ ካሴት 3.8 ሚሊሜትሩን ግዙ። 4.5ቱ ለአንዳንድ ማሽኖች ነው፣ ካሴት ላይ አይሆንም። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር ይገኛል። የቢክ እስክሪብቶ አቅልጦ መፍቻ መሥራት የሚያስተምሩ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት። የቀለጠ ፕላስቲክ የብሎን ቀዳዳ ውስጥ የተጣበቀበት ካሴት አይቼ አዝኛለሁ።

ከኋላ ሁለት ብሎኖች አሉ። ሻይ ሰሐን ላይ አስቀምጧቸው፤ ትንንሽ ናቸው፣ ምንጣፍ ላይ ከወደቁ በቃ። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ለዩት። ቦርዱ ብቻውን ይወጣል፤ በጠርዙ ያዙት፣ ጥርሶቹን በጣት አትንኩ።

የኔ ታሪክ እዚህ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት ኢንተርኔት ላይ ካንድ ሻጭ አንድ ሄርዞግ ዝዋይ ገዛሁ። ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ከሌሎቹ ትንሽ ዝቅ ያለ ነው፣ ሻጩም ተጫዋች ነው። ሲደርሰኝ ማሽኑ ላይ ሠራ። ደስ ብሎኝ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ከወራት በኋላ ላጸዳው ስከፍተው አዲስ የፕላስቲክ ጫማ ሽታ ሸተተኝ። ውስጡ አንዲት ጠባብ አረንጓዴ ቦርድ፣ መሐሏ ላይ ደግሞ እንደ ረጋ ሬንጅ ያለ ጥቁር ጉብታ። በቃ። ያ ጉብታ ርካሽ ቺፕ ላይ የተደፋ ሙጫ ነው። ሻጩን ባነጋግረው የመመለሻ ቀኑ አልፏል አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልፏል። «ይሠራል» እና «ኦሪጅናል ነው» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተማርኩት በገንዘቤ ነው።

እንግዲህ ኦሪጅናሉ ላይ ምን ታያላችሁ? ቦርዱ ላይ ሴጋ የሚል ጽሑፍና የቦርድ ቁጥር ይኖራል፤ የሴጋ የቦርድ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ በ171 ይጀምራሉ። ቺፑ ረዘም ያለ ጥቁር ሆኖ በሁለት ጎኑ እግሮች ያሉት ነው። ላዩ ላይ ኤም፣ ፒ፣ አር ከሚሉ ፊደላት ቀጥሎ ቁጥር ይገኛል፤ ሴጋ በፋብሪካ ለተጻፉ ቺፖች የሚጠቀምበት ምልክት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት አሐዝ የቀን ኮድም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ ሳምንቱ። 9012 ቢል የ1990 አሥራ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። በ2000ዎቹ የተሠራ ቺፕ ካያችሁ ግን ነገሩ አልቋል።

ሌላው ተንኮል የተለየ ነው። የርካሽ ጌም ኦሪጅናል ካሴት ይወስዱና ቺፑን ነቅለው በሌላ ይተካሉ። ቦርዱ እውነተኛ የሴጋ ነው፣ ክዳኑም እንደዚሁ። እዚህ ላይ ብየዳውን እዩ። የፋብሪካ ብየዳ እኩል እኩል ነው፤ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ልዩነት የለውም። የሰው እጅ ብየዳ አንዱ ጋ ወፍራም፣ ሌላው ጋ ቀጭን ነው፤ ዙሪያውም ቡናማ ቅሪት ይቀርበታል። ቀጫጭን ሽቦዎች ከእግር ወደ እግር ተዘርግተው ካያችሁማ ምንም አትጠራጠሩ፣ ፎርጅድ ነው።

ስትገዙ ሻጩን የቦርዱን ፎቶ ጠይቁ፤ ፊትና ጀርባውን። «መፍቻ የለኝም» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እንደዚያ ላለኝ ሻጭ የፎርጅድ ዋጋ ነው የምሰጠው። እናንተ ሻጭ ከሆናችሁ ሳትጠየቁ ፎቶውን አስገቡ። ድርድሩ ግማሹ እዚያው ያልቃል።

ደረጃ 5፦ ጽዳት

በአፍ መንፋት ይቅር። ሁላችንም በልጅነታችን ነፍተናል፣ ሠርቷልም፤ የሠራው ግን ካሴቱን አውጥታችሁ ስለመለሳችሁት ነው። ትንፋሽ እርጥበት ነው፣ እርጥበት ደግሞ ጥርሶቹን ያዝጋል።

90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ፈልጉ። የፋርማሲው 70 በመቶው ውሃው ይበዛል። የጆሮ ጥጥ ነከር አድርጉና ጥርሶቹን ከላይ ወደ ታች እንጂ ወደ ጎን ሳይሆን አሻሹ። ጥጡ ግራጫ ይሆናል፣ ከዚያ ጥቁር። ቀይሩት። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ቀጥሉ፤ እኔ ባንድ ካሴት እስከ ስምንት ጥጥ ጨርሻለሁ። ደርቆ ሲያበቃ ግጠሙት። የብረት ማጽጃ ሽቦ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ የድስት ስፖንጅ በአካባቢው አይታዩ፤ ወርቃማው ሽፋን ስስ ነው፣ አንዴ ከሄደ አይመለስም።

አልኮሉ ተለጣፊውን እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ቀለሙን ያነሳል። የድሮ መደብር ዋጋ ወረቀት የፕላስቲክ ሳጥኑ ላይ ተለጥፎ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ በለስላሳ ሙቀት አሙቃችሁ በጥፍር ቀስ እያላችሁ አንሱት። የፊት ተለጣፊው ላይ ከሆነ ግን አትንኩት። እዚያው ይቅር። የተላጠ ተለጣፊ ዋጋ ከቆሸሸ ተለጣፊ ይብሳል።

ደረጃ 6፦ ሞክሩት

መብራት ላይ ስሕተት ማሽን ያቃጥላል፤ ስለዚህ ቀስ በሉ። የመጀመሪያው ሞዴል ጀነሲስ አዳፕተር 9 ቮልት፣ 1.2 አምፔር ሲሆን የጫፉ መሐል ኔጌቲቭ ነው። የሁለተኛው ሞዴል 10 ቮልት፣ 0.85 አምፔር ነው፤ የጫፉ መሐል ፖዘቲቭ ነው። ግልብጥ ናቸው። ደግሞ ከአሜሪካ የመጣ አዳፕተር ግድግዳው ላይ የሚፈልገው 120 ቮልት ነው። ሰው አስመጥታችሁ አዲስ አበባ ላይ ቀጥታ 220 ውስጥ ብትሰኩት ጭሱን ታያላችሁ። መቀነሻ ትራንስፎርመር ግዴታ ነው፣ ወይም በልኩ 220 የሚቀበል አዳፕተር።

ማሽኑ ሳይበራ ካሴቱን አስገቡ፣ ማሽኑ ሳይጠፋ አታውጡ። የአውሮፓ ማሽን ላይ ከሆነ ጌሙ ከአሜሪካኑ ቀርፈፍ ብሎ ቢሮጥ አትደንግጡ፤ ካሴቱ አልታመመም። ማሽኑ በ60 ፈንታ በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ነው።

ሲነሳ ዝም ብላችሁ የመጀመሪያውን ምስል አይታችሁ አታጥፉት። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ አጫውቱት። ቢቻል ሁለት ሰው ሆናችሁ፤ ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሎ ሠራዊቱ ሲበዛ ነው ካሴቱ የሚፈተነው። ምስሉ የተበላሸ ካሬ ካሬ ቢያወጣ ወደ ደረጃ 5 ተመለሱ። ሙከራው ግን ሃያ ደቂቃ ላይ እንደማይቆም አስጠነቅቃችኋለሁ። ወንድሜና እኔ «ለሙከራ» ብለን ቁጭ ብለን እራት ቀዝቅዟል።

ደረጃ 7፦ ዋጋ

አሁን ዋጋ ማንሳት ይቻላል።

ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ ሰው የጠየቀውን ዋጋ አትዩ። ሻጭ የፈለገውን መጻፍ ይችላል። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ክፈቱ፤ ወደ ሦስት ወር ገደማ ወደ ኋላ ያሳያል። ፕራይስቻርቲንግ የሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ የረዥም ጊዜውን የዋጋ መስመር ይሰጣችኋል። ሁለቱን አብራችሁ ተጠቀሙ።

ከዚያ ከእናንተው ጋር የሚመሳሰሉትን ምረጡ። ካሴት ብቻውን ከካሴት ብቻውን ጋር፣ ሙሉው ከሙሉው ጋር። ሙሉ የሚባለው ሳጥን፣ ሽፋን ወረቀትና መመሪያ ደብተር ሲኖር ነው። ለሄርዞግ ዝዋይ ደብተሩ ትልቅ ነገር ነው። የትእዛዞቹ ምልክቶች ያለ እሱ ግራ ያጋባሉ፤ ስለዚህ ደብተሩ ብቻውን ፈላጊ አለው። አገሩም አንድ መሆን አለበት፤ የጃፓኑን ዋጋ ለአሜሪካኑ አትውሰዱ።

አምስት ስድስት ሽያጭ አግኝታችሁ በቅደም ተከተል ደርድሩና የመሐለኛውን ውሰዱ። ለምሳሌ ያህል፣ ቁጥሩን እንዲያው ፈጥሬው ነው፣ 40፣ 55፣ 58፣ 60 እና 140 ዶላር ቢሆኑ መነሻችሁ 58 ነው። የ140ው ወይ ሁለት ሰው እልህ ተጋብቶ ነው፣ ወይ ሻጩ ያላያችሁት ነገር አለው። አማካይ አትሥሩ፣ ያ አንድ ቁጥር ያሳብዳችኋል። የመላኪያውን ክፍያ መደመር አትርሱ። ሻጭ ከሆናችሁ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ኢቤይ ከሽያጩ ከ10 በመቶ በላይ እንደሚወስድ ቀድማችሁ አስቡት።

በ2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 አሜሪካ ውስጥ ሄሪቴጅ በተባለ ጨረታ ቤት በ1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ከዚያ ወዲህ ጓዳው ውስጥ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ቤት ሊሠራ ያስባል። ያ ሌላ ዓለም ነው። ዕቃው ያልተከፈተ፣ ይዞታው በባለሙያ ተመርምሮ ደረጃ የተሰጠው፣ በፕላስቲክ የታሸገ ነበር። የተጫወታችሁበትን ሄርዞግ ዝዋይ ደረጃ ለማሰጠት መላክ፣ በኔ ግምት፣ ከሚጨምረው ዋጋ የሚበልጥ ወጪ ነው። ያልተከፈተ ካገኛችሁ ግን አንድ ነገር ብቻ፦ እስካሁን ስለ ብሎን ያልኩትን ሁሉ እርሱት። አትክፈቱት። ባለሙያ ይየው።

ደረጃ 8፦ ማስቀመጥና መላክ

ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ አይቀመጥ፤ መጀመሪያ የሚሄደው ቀዩ ቀለም ነው። ሳጥኑን አቁሙት፣ አታጋድሙት፣ ላዩም ላይ ነገር አትደርድሩ። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት አትጣሉት፤ ደብተሩ አጠገብ አድርጉት። የጎማ ላስቲክ አትጠምጥሙበት፣ ሲያረጅ ይቀልጥና ይጣበቃል።

ስትልኩ በአረፋ ፕላስቲክ ሁለት ዙር ጠቅልሉት። ፕላስተሩ አረፋው ላይ ይሁን እንጂ ሳጥኑን አይንካ። በወፍራም ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ አንቀጥቅጡት፤ ድምፅ ካሰማ ጋዜጣ ጨምሩ። ካሴቱን ከሳጥኑ አውጥታችሁ ለብቻው ጠቅልሉ፤ መንገድ ላይ ሲንገላታ የሳጥኑን መያዣ ጥርስ የሚሰብረው እሱ ራሱ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የቦርዱን ቁጥር የሚያሳየውን ፎቶ ከነቀኑ ስልካችሁ ላይ አስቀሩ። ገዢው «የላክህልኝ ሌላ ነው» ካለ ቁጥሩን ታስተያያላችሁ።